ቅርጹን የወረሰው መዳብ



አያቴ ቤት መሐል ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆሞ ነበር። ልጆች ሳለን በአንድ እጃችን ይዘነው፣ ራሳችን እስኪዞርብን ድረስ እንሽከረከርበት ነበር። አንድ በጋ አጎቴ ጣራውን ሊያድስ መጣና ምሰሶውን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አደረገው። ድምፁ የእንጨት ድምፅ አልነበረም። ቢላ ሲወጋበት ቢላው እስከ እጀታው ዘልቆ ገባ። ከላይ ካለው ስስ ሽፋን በታች እንጨት የሚባል ነገር አልቀረም፤ ምስጥ ጨርሶታል። መበላቱስ ይሁን፤ ቆላ ቀመስ አገር ያደገ ሰው ምስጥ ቤት ሲበላ ማየት አዲሱ አይደለም። የገረመን ሌላ ነው። ምስጡ በበላው ልክ አፈር እያመጣ፣ እያቦካ፣ ሲሞላው ኖሯል። ውፍረቱ ያው፣ ቁመቱ ያው፣ ጉጥ የነበረበት ቦታ እንኳ ጎበጥ እንዳለ ነው። አያቴ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው «ምሰሶዬ መቼ ሄደ?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው የለም። ምሰሶው የሄደበት ቀን የለማ!

ከብዙ ዓመት በኋላ ሥነ ምድር ስማር፣ መምህራችን አንዲት አውራ ጣት የምታህል ድንጋይ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ስድስት ጎን ያላት፣ ጫፍና ጫፏ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ቀላ ያለች ናት። ለመጠኗ ከበደችኝ። «ምንድን ናት?» አሉኝ። ቀለሟንና ክብደቷን አይቼ «መዳብ» አልኩ። «ልክ ነህ። ቅርጿስ የማን ነው?» ሲሉኝ አፌ ተያዘ። የአያቴ ምሰሶ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህች ድንጋይ ነው።

ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። ማዕድን ቅርጹን በዘፈቀደ አያወጣም፤ ጎኑንና ማዕዘኑን የሚወስነው ውስጡ ያሉት አተሞች የሚደረደሩበት ሥርዓት ነው። የምንበላውን ጨው በአጉሊ መነጽር ብታዩት ጥቃቅን ሣጥን ሣጥን ይመስላል፤ አተሞቹ የተደረደሩት እንዲያ ነውና። የመዳብም አደራደር የሣጥን ዘር ነው። ቦታ አግኝቶ በነጻ ሲያድግ ወይ ሣጥን ይሆናል፣ ወይ ስምንት ገጽ ያወጣል፣ አለዚያም እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይሆናል። ስድስት ጎን ያለው አምድ ሆኖ ግን በራሱ አያድግም። እንዲያ ሆኖ ከተገኘ ቅርጹ የሌላ ነው።

የሌላው ስም አራጎናይት ይባላል። አራጎናይት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ንጥረ ነገሩ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ሆኖ የአተሞቹ አደራደር የተለየ ነው። ሦስት የአራጎናይት ክሪስታሎች እንደ መንትያ ተጣብቀው ሲያድጉ ውጫቸው ባለ ስድስት ጎን አምድ ይመስላል። መዳፌ ላይ የነበረችው ድንጋይ ቅርጿን ከዚያ ነው ያገኘችው። በአንድ ወቅት አራጎናይት ነበረች። ዛሬ ግን በውስጧ ካልሲየም የለም፣ ካርቦን የለም፣ ኦክስጅን የለም። የቀረው መዳብ ነው።

እንዲህ ያለ መዳብ በዓለም የታወቀበት ቦታ ኮሮኮሮ ነው፤ ቦሊቪያ ውስጥ፣ ከላ ፓዝ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የማዕድን መንደር። ከእንጦጦ ጫፍ 800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። አገሩ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ መዳቡ ባለበት ንብርብር ግን ቀይነቱ ለቆ ነጣ ይላል። ከዚያ ድንጋይ ውስጥ ማዕድን ቆፋሪዎች እነዚህን ባለ ስድስት ጎን መዳቦች እየለቀሙ ሲያወጡ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የዓለም ቤተ መዘክሮች ሲሰበስቧቸው ኖረዋል። ለምን ከበደችኝ ያላችሁ እንደሆነ፣ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር አራጎናይት 2.9 ግራም ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል መዳብ 8.9 ግራም ነው። ዓይን ያየውን ቅርጽ እጅ አላምን የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥነ ማዕድን ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ነገር በግሪክ ቃል ሲውዶሞርፍ ይሉታል፤ ሐሰተኛ ቅርጽ ማለት ነው። ስሙን አልወደውም። የዋሸ የለምና። ቅርጹ የመጀመሪያውን ማዕድን ይመሰክራል፣ ቁሱ የሁለተኛውን። አንድ ድንጋይ ሁለት ምስክር ይዞ ሲገኝ ሐሰተኛ መባል የለበትም። እኔ «ቅርጽ ወራሽ» ብለው እመርጣለሁ፤ በዚህ ዝግጅትም እንዲሁ እንጥራው።

አሁን ወደ መዳቡ ራሱ እንሂድ። ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ሳይጋባ፣ ሳይቀልጥ ሳይነጠር፣ በተፈጥሮው ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ መዳብ ብርቅ ነው። መዳብ ድኝ ይወዳል። ድኝ ባገኘበት ሁሉ ከእሱና ከብረት ጋር ተዋሕዶ ካልኮፓይራይት የሚባለውን ቢጫ ማዕድን ይሠራል፤ የዓለም መዳብ አብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ነው። ንጹሕ መዳብ እንዲገኝ ድኝ የጎደለበት ቦታ ያስፈልጋል። ለዚህ አንደኛው የምድር ምሳሌ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በሱፒርየር ሐይቅ ዳር ያለው የኪዊናው ልሳነ ምድር ነው። የዛሬ 1.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ምድር እዚያ ተሰንጥቃ፣ እንደ እኛ ስምጥ ሸለቆ ሁሉ እሳተ ገሞራ በንብርብር ላይ ንብርብር ፈሰሰባት። ድኙ አብዛኛው በጋዝ መልክ አምልጦ ሄደ። ኋላ ሙቅ ውሃ በዚያ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ እየተዘዋወረ መዳቡን ጠራርጎ ወሰደና፣ በአረፋ ቀዳዳዎችና በስንጥቆች ውስጥ አስቀመጠው።

የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ይህን መዳብ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ጀምረው በድንጋይ እየቀጠቀጡ ቢላዋና የጦር ጫፍ ይሠሩበት ነበር። ከነሱ መካከል ኦጂብዌዎች የሚያከብሩት ከ1,600 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን አንድ የመዳብ ቋጥኝ በ1843 እ.ኤ.አ. ወደ ዋሽንግተን ተወስዶ፣ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል። ከ1845 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ውስጥ ከዚያ አገር 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ መዳብ ወጥቷል።

ይሁንና ለዛሬ ነገራችን ከቋጥኙ ይልቅ ጠጠሩ ይበልጥብኛል። በኪዊናው ካሉሜት በሚባለው ቦታ መዳቡ የተገኘው የጥንት ወንዝ ጠጠር ተጣብቆ በሠራው ቀይ ድንጋይ ውስጥ ነው። ጠጠሮቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስባሪዎች ናቸው፤ ወንዝ አንከባሎ አድበልብሏቸዋል። ከነሱ አንዳንዶቹ ሲሰበሩ በከፊል፣ አልፎ አልፎም ሙሉ በሙሉ መዳብ ሆነው ተገኙ። የጂኦሎጂ ባለሙያው ራፋኤል ፓምፔሊ በ1870ዎቹ ይህን ተከታትለው፣ መዳቡ ባዶ ቦታ ሞልቶ ብቻ ሳይሆን የነበረውን ድንጋይ እያስለቀቀ እንደገባ አሳዩ። አስቡት፤ ወንዝ ያድበለበለው መዳብ የለም፣ ወንዝ ያድበለበለው ድንጋይ ነው ያለው። መዳቡ የወረሰው የወንዙን ሥራ ጭምር ነው።

እንዴት ይሆናል? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት የምትማሩ ልጆች ይህን በመምህራችሁ ፊት ማየት ትችላላችሁ። ኮፐር ሰልፌት የሚባለውን ሰማያዊ ጨው በውሃ አሟሙና በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ንጹሕ ምስማር ንከሩበት። መርዝ ነውና እንዳትቀምሱት፤ እጃችሁንም ታጠቡ። በደቂቃዎች ውስጥ ምስማሩ ቀይ ይለብሳል። አሳድራችሁ ብታዩት የውሃው ሰማያዊነት እየሳሳ ወደ ደብዛዛ አረንጓዴ ይሄዳል። የሆነው እንዲህ ነው፦ ውሃው ውስጥ የሟሟው የመዳብ አተም ሁለት ኤሌክትሮን ይጎድለዋል። ብረት ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ ከመዳብ ይልቅ ፈጣን ነው። ብረቱ ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጥና ራሱ ወደ ውሃው ይገባል፤ መዳቡ ተቀብሎ ከውሃው ይወጣል። አንድ ለአንድ ልውውጥ ነው፤ 56 ግራም ብረት ሲገባ 63.5 ግራም መዳብ ይወጣል።

ሰው ይህን ያየው ኬሚስትሪ ከመባሉ በፊት ነው። ቻይናዊው ሊቅ ሸን ኩዎ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ መራራ የምንጭ ውሃ ስለሚፈላበት የብረት መጥበሻ ጽፏል፤ መጥበሻው ሲቆይ መዳብ ይሆናል ይላል። በእሱ ዘመን የነበረው የሶንግ መንግሥት ስስ የብረት ዝርግ በዚህ ዓይነት ውሃ እየነከረ መዳብ ያመርት ነበር። በዛሬዋ ስሎቫኪያ፣ ሽፓኒያ ዶሊና በምትባል የማዕድን መንደር ደግሞ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከእንዲህ ያለው መዳብ ዋንጫ ይሠሩና፣ ቀድሞ ብረት እንደነበረ አሁን መዳብ እንደሆነ የሚናገር ስንኝ ይቀርጹበት ነበር። ዋንጫውን የሚገዛው ሰው ብረት ተለውጦ መዳብ ሆነ ብሎ ያምን ነበር። እኔ በዚህ አልስቅባቸውም። ብረት ከትተህ መዳብ ስታወጣ፣ ዓይንህ የነገረህን ማመን ነውር አይደለም። አንጀሎ ሳላ የተባለ ሐኪም በ1617 ባሳተመው ሥራ ግን ሰማያዊውን ጨው ራሱ ከመዳብ፣ ከአሲድና ከውሃ ሠርቶ አሳየ። እንግዲያው መዳቡ ቀድሞም ውሃው ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ብረቱ አልተለወጠም፤ ቦታውን ለቀቀ እንጂ።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ያን ምስማር ለቀናት ብትተዉት የመዳብ ምስማር አታገኙም። የምታገኙት የሚፈረፈር ቀይ ዝቃጭ ነው። ቅርጹ ጠፍቷል። የኮሮኮሮው አራጎናይት ጎኑንና ማዕዘኑን ጠብቆ ሲወርስ ምስማሩ ለምን አልቻለም?

አንዱ ምክንያት ምስማሩ ብረት መሆኑ ነው። ኤሌክትሮን በብረት ውስጥ እንደ ልብ ይሮጣል፤ አተሙ እዚህ ጫፍ ላይ ሟሙቶ፣ መዳቡ እዚያ ጫፍ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። መውጫውና መግቢያው ተራራቀ። አራጎናይት ግን ኤሌክትሮን አያስተላልፍም፣ የሚሰጠውም የለውም። የሚሰጠው ቦታውን ብቻ ነው። መዳቡ ኤሌክትሮኑን ከሌላ ማግኘት አለበት፤ በዙሪያው ካለ ብረት አዘል ማዕድን፣ ከበሰበሰ የእጽዋት ቅሪት፣ አለዚያም ከራሱ ከመዳቡ፤ አንድ አንድ ኤሌክትሮን የጎደላቸው ሁለት የመዳብ አተሞች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ሰጥቶ፣ ተቀባዩ ንጹሕ መዳብ ሆኖ ይቀመጣል።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው። የመሟሟቱና የመቀመጡ ፍጥነት እኩል መሄድ አለበት፤ ቦታውም አንድ መሆን አለበት። አሮጌው ቶሎ ከሟሟ ባዶ ጎድጓዳ ይቀራል፣ ይደረመሳል። አዲሱ ቶሎ ከመጣ አሮጌውን እንደ ቅርፊት ሸፍኖ ውሃ ይከለክለዋል፤ ሥራው እዚያው ይቆማል። በጀርመን የሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አንድሪው ፑትኒስ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን በደንብ አብራርተውታል። በሁለቱ ማዕድናት ድንበር ላይ እጅግ የሳሳ የውሃ ሽፋን አለ። አሮጌው ወደዚያች ውሃ ይሟሟል፤ መሟሟቱ የውሃዋን ጠባይ ይለውጥና አዲሱ እዚያው፣ በዚያው ቅጽበት ይቀመጣል። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው። አዲሱ ማዕድን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚኖሩት ውሃው በነሱ እየሾለከ ድንበሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ምስጡም እንዲሁ ነበር፤ ምሰሶውን በልቶ ጨርሶ አይደለም ጭቃ ማቡካት የጀመረው። አንድ ጉርሻ ሲወጣ አንድ ጉርሻ ይገባል።

አንጥረኞቻችን መስቀል የሚያወጡበት የሰም ዘዴ ከዚህ ይለያል። ሰሙ ይቀረጻል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ በእሳት ቀልጦ ይወጣል፣ ከዚያ የቀለጠው ብረታ ብረት በባዶው ይፈስሳል። የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው። እዚያ ግን በሰሙ መውጣትና በወርቁ መግባት መካከል ባዶ ጊዜ አለ፤ ቅርጹን የጠበቀው ሻጋታው ነው። ተፈጥሮም እንዲህ የምትሠራበት ጊዜ አለ። በኮሮኮሮ ግን ሻጋታ አላስፈለገም።

ሁሉም ወራሽ እኩል አይወርስም። አራጎናይት ራሱ ዘመን ሲረዝም የኖራ ድንጋይ ማዕድን ወደሆነው ካልሳይት ይለወጣል፤ ያኔ አንድ አተም አይወጣም አይገባም፣ አደራደሩ ብቻ ይቀየራል። ሰማያዊው አዙራይት ወደ አረንጓዴው ማላካይት ሲለወጥ መዳቡ እንዳለ ይቀራል፤ ጥቂት ውሃ ገብቶ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በናሚቢያ ከሱሜብ ማዕድን የወጡ አዙራይቶች ግማሽ ጎናቸው ሰማያዊ፣ ግማሽ ጎናቸው አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። በኒው ሜክሲኮ፣ ጆርጅታውን በተባለው የማዕድን ቦታ ደግሞ አዙራይት ሌላውን ሁሉ ለቆ ንጹሕ መዳብ ብቻ ሆኗል። ከነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ የኮሮኮሮው ነው፤ ከቅርጹ በቀር የወረሰው የለም።

መንገዱ ወደ ኋላም ይሄዳል። ንጹሕ መዳብ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ተመልሶ አረንጓዴ ማዕድን ይሆናል። ከመሬት የወጣ የአክሱም የመዳብ ሳንቲም የሚለብሰው አረንጓዴ ይኸው ነው። በቻይና ከሻንግ ዘመን መቃብሮች በወጡ የነሐስ ዕቃዎች ላይ ደግሞ የሐር ጨርቅ ድርና ማግ ታትሞ ተገኝቷል። ሐሩ በስብሶ አልቋል፤ ከነሐሱ የወጣው የመዳብ ዝገት ግን ክሩ ከመጥፋቱ በፊት ቦታውን ይዞለት፣ ከ3,000 ዓመት በኋላ ክር በክር ይቆጠራል። ወደ አገራችን ብንመጣም በወሎ፣ ወገል ጤና አካባቢ ከሚወጡት ኦፓሎች መካከል የእጽዋት ቅሪት የያዙ አሉ፤ እዚያ ቦታውን የያዘው ሲሊካ ነው።

የመዳብ ማዕድን ማውጫዎች ብዙዎቹ የቆሙት በዚሁ መተካካት ነው። ዝናብ ከላይ ያለውን የድኝ ማዕድን እያዛገ መዳቡን አሟሙቶ ወደ ታች ይወስዳል። መዳቡ ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች ያለውን ካልኮፓይራይት ሲያገኝ የብረቱን ቦታ እየያዘ ካልኮሳይት ያደርገዋል። ካልኮፓይራይት ከክብደቱ 35 በመቶ ያህሉ መዳብ ነው፤ ካልኮሳይት 80 በመቶ ያህል። ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ ያለው የቢሻ ማዕድን ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀመር ከላይ ካለው ዝገታም ክዳን ወርቅ ወጣ፤ በ2013 ከሥሩ ወደ ተከማቸው መዳብ ተወረደ። ዝናቡ ለብዙ ዘመን ሲያበጅ የኖረውን ንብርብር ነው ሰው በቅደም ተከተል የገለጠው።

ልሰናበታችሁ ነው፤ መምህራችን ያን ዕለት ያሳዩኝን ሁለተኛ ድንጋይ ሳልነግራችሁ ግን አልሄድም። እሷም ከኮሮኮሮ ናት፤ ለሁለት ተሰብራለች። ዳር ዳሯ ቀይ መዳብ ነው። መሐሏ ላይ ግን የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር አለ። አራጎናይቱ ነው፤ አላለቀም። ውሃው መምጣቱን ትቷል፣ ልውውጡም እዚያው ቆሟል። ነጩና ቀዩ የሚገናኙበትን መስመር በአጉሊ መነጽር ስመለከት ቀጥ ያለ አልነበረም። መዳቡ እንደ ሥር ቀጫጭን ሆኖ ወደ ነጩ ገብቷል፤ ነጩም በመዳቡ መካከል በደሴት በደሴት ቀርቷል። የትኛው የት ላይ እንደሚጀምር በጣቴ ላሳያቸው ሞከርኩ፤ ጣቴ ለዚያ በጣም ወፍራም ነበር።